ያዳላው ዳኛ

ለእህቴ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር እንድታውቂ እፈልጋለሁ፤ ዳኛውን ከፍቼዋለሁ። የሁለቱንም ሣጥኖች የኋላ ክዳን ፈትቼ ውስጡን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ይህን ስታነቢ «ምን ያህሉን አውቆ ይሆን?» እያልሽ አትጨነቂ። ያየሁትን ሁሉ እጽፍልሻለሁ። ያላየሁትን ደግሞ አንቺ ትጽፊልኛለሽ።

አሁን ወደ ሰላምታው። የተቆጣ ሰውም ቢሆን ሰላምታ አይዘልም፤ እንዲያ አይደለም ያደግነው። እንደምን ሰነበትሽ? ልጅሽና ምራትሽ፣ አራስ ቤት ያለችውም ትንሿ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ጉልበትሽ የልጅሽን ቤት ደረጃ ለመደው ወይ? ከመሄድሽ በፊት ያስቸግርሽ የነበረው ጆሮሽስ ተሻለሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ድልድዩ ደርሼ እመለሳለሁ። የውጭው በር ማጠፊያ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መጮኹን ትቷል ልልሽ ብዬ ነበር፤ ግን ብዕሬን ያዝኩት። ስለ ዝምታ ለመመስከር ከእንግዲህ ብቁ አይደለሁም።

ስልክ ስትደውዪ ባለማንሣቴ መቀየምሽን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነግራኛለች፤ ሁለት ጊዜ አስደግሜያት ነው የገባኝ። ሲጠራ አይቼዋለሁ። ስምሽ መስታወቱ ላይ እየበራ እየጠፋ ነበር። ያላነሣሁት ባነሣው ከምትናገሪው ግማሹን በግምት እንደምሞላው አሁን ስለማውቅ ነው። እስከ ዛሬ ስሞላው ኖሬያለሁ ማለት ነው። ወረቀት ግን አያንሾካሽክም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፣ ከመካከል መጀመር አልችልበትም። ደግሞም ሁለታችን የምናስታውሰው አንድ ዓይነት ነገር መሆኑን ማጣራት አለብኝ። እስካሁን አንድ ነው ብዬ አምን ነበር።

ፊልም ቤቱ ሲዘጋ፣ የማሽን ክፍሉ ሠራተኛ የነበረው አባታችን እነዚያን ሁለት ግዙፍ ድምፅ ማጉያዎች በጋሪ ጭኖ ቤት ሲያስገባ፣ እናታችን «አልጋ አምጣ ብልህ ቁም ሣጥን ታመጣለህ? ያውም ልብስ የማይዝ» ማለቷን ታስታውሻለሽ። ከታች ለወፍራሙ ድምፅ ሰፌድ የሚያህለው የወረቀት ስፒከር አለ፤ ከላይ ለቀጭኑ ድምፅ የብረት መለከቱ። በሁለቱ መካከል፣ ሣጥኑ ወለል ላይ በአንዲት ጣውላ የተደረደሩት የመዳብ ጥቅሎች፣ ኮንደንሰሮችና ትንንሽ ሬዚስተሮች ናቸው። የሙያው ሰዎች ክሮስኦቨር ይሉታል። አባታችን ግን «ዳኛው» ነበር የሚለው፤ ወፍራሙን ለወፍራም፣ ቀጭኑን ለቀጭን ፈርዶ የሚሰጥ እሱ ነውና። መለከት በባሕርዩ ጯሂ ነው፤ በጥቂት ጉልበት ቤት ያናውጣል። ስለዚህ ዳኛው ፊቱ ላይ ጉልበቱን የምትቀንስ ሬዚስተር ያቆምበታል። እሷን «ልጓም» ይላት ነበር። ልጓም ያልገባለት መለከት አይዘፍንም፣ ያናፋል ይል ነበር።

ሕጉንም ታስታውሻለሽ። የሚያሰላ አይበይድ፤ የሚበይድ አያስላ፤ የሚሰማ ጀርባውን ይስጥ። እጅ የሠራውን የሚያውቅ ጆሮ ይዋሻል ነበር ምክንያቱ። አባታችን ካረፈ በኋላ ማስላቱ ለእኔ፣ ብየዳው ለአንቺ ደረሰ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ እቀመጣለሁ። አንቺ ዕቃውን ትቀይሪና ጣውላውን በጣትሽ ትቆረቁሪያለሽ። ሸክላው ይዞራል። «ይሻላል» ወይም «ይብሳል» እላለሁ። ከዚያ አንቺ የሰማሽውን ትናገሪያለሽ። ሁለታችን ካልተስማማን አሮጌው ዕቃ ወደ ቦታው ይመለሳል። የወጣ ዕቃም ከቤቱ አይርቅም፤ እዚያው ሣጥኑ ጥግ ታስሮ ይቀመጣል፣ ሐሳብ የቀየረ ሰው ፍለጋ እንዳይወጣ።

ፈተናችንም ያቺው ነበረች፤ አባታችን ከፊልሙ በፊት የሚያዞራት የሴቶቹ ሸክላ። ዘፈኑ አልቆ መርፌው ከመነሣቱ በፊት ከዘፋኞቹ የአንዷ አምባር ከሌላው ጋር ትጋጫለች፤ ቅጭል ትላለች፣ አንዴ ብቻ። «አምባሯ ከተሰማች ዳኛው ፈርዷል፤ ካልተሰማች ይግባኝ በሉ» ይል ነበር አባታችን።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መለከቶቹ መደንዘዝ ጀመሩ። አምባሯ ራቀች፣ ከዚያ ጠፋች። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ መልሱ በእጄ ነበር። ኮንደንሰር ሲያረጅ ውስጡ ይደርቃል፣ ልኩን ይስታል፣ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል። እውነትም ነው፤ የትም ብትጠይቂ ይህንኑ ይነግሩሻል። ኮንደንሰሮቹን ቀየርን። ጣውላውን ቆረቆርሽ፣ ሸክላው ዞረ፣ አምባሯ ቅጭል አለች። «እኔም ሰማኋት፣ ጋሼ» አልሽ። ያን ቀን ከደስታ ብዛት ሻይውን ያፈላሁት እኔ ነኝ፤ አንቺም «ሻይ ሳይሆን የሻይ ትዝታ ነው» ብለሽ ሳቅሽብኝ።

ከጊዜ በኋላ እንደገና ደነዘዙ። የዛሬ ዘመን ዕቃ አይበረክትም አልኩ፤ የተሻለ ኮንደንሰር አስመጣን። ተሻለ። «ሰማኋት፣ ጋሼ።» እንደገና ደነዘዙ። የመዳብ ጥቅሉን በወፍራም ሽቦ እንደ አዲስ አስጠመጠምኩ። ተሻለ። «ሰማኋት።» በየጊዜው አንድ ንጹሕ ዕቃ እየከሰስኩ ከሥራ ሳስወጣ፣ እውነተኛውን ተከሳሽ ከራሴ ግራና ቀኝ አንጠልጥዬው እዞር ነበር።

ከሳምንታት በፊት ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት አዳራሹን አድሶ ለጡረተኞቹ ግብዣ አዘጋጀ። ርዕሰ መምህሩ፣ ያ በልጅነቱ እርሳስ እያኘከ ያስመረረኝ ልጅ፣ ድምፅ ማጉያዎቹን እንዳውሰው ቤት ድረስ መጣ። አንቺ ጓዝሽን እየሸከፍሽ ነበር። «ጋሼ፣ እነዚህ የቤት ልጆች ሆነዋል፣ አደባባይ አይችሉም» አልሽ። ፊልም ቤት የተወለዱ ናቸው አልኩሽ። «እንግዲያው እኔ እስክመለስ ቆይ» አልሽ። ለምን ብዬ ስጠይቅሽ ሻንጣሽን ከፍተሽ የታጠፈ ቀሚስ ፈታሽና እንደገና አጠፍሽ። ያን ጊዜ የቅናት መስሎኝ ነበር፤ አንቺ በሌለሽበት እንዳይመሰገኑ የፈለግሽ መሰለኝ። አሁን ሳስበው፣ የዚያን ቀን አፍሽን ልትከፍቺ ጫፍ ደርሰሽ ነበር። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይላሉ። ውሃው ጎድሎልሽ ነበር። አልተሻገርሽም።

እኔም አልቆየሁም። ሣጥኖቹን ወሰድኳቸው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሸክላችንን አስቀምጬ መርፌውን አወረድኩ። ለእኔ ልክ እንደ ቤታችን ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ለስላሳ። አዳራሹን አየሁ። የፊተኛው ረድፍ እጆች አንድ በአንድ ወደ ጆሮ ወጡ። ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ። አንዲት እናት የታቀፈችው ሕፃን ፊቱ ቀልቶ፣ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ አየሁት። ምን ሆኖ ነው ዝም ብሎ አፉን የሚከፍተው አልኩ በልቤ። እያለቀሰ ነበር፣ እህቴ። ከእኔ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ።

ተማሪዎች ሲባጎ የሚሉት የሒሳብ መምህር፣ ያ ቀጭኑ ባልደረባዬ፣ መጥቶ አፉን ጆሮዬ ላይ አስጠጋ። «በሞቴ ዝጋው። ዕድሜ ልኬን ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲንጫረር ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም» አለኝ። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «ጆሮህ አርጅቷል» አልኩት። አልተቆጣም። አየኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ስድብ ቢሆን በመለስኩለት ነበር። መታ መታው ግን እስከ ቤት ድረስ አብሮኝ መጣ። ርዕሰ መምህሩ በትሕትና መርፌውን አነሣና ስለ ቴክኒክ ችግር አንድ ነገር ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ለመዘጋቱ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱን በአዳራሹ ላይ አደረግሁት፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት ነው። ቤት ስመለስ ግን እንደ ልማዴ አንድ በአንድ መረመርኩ። መርፌው ደህና ነው። አምፕሊፋየሩ ደህና ነው። ገመዶቹ ደህና ናቸው። ያልተመረመረ አንድ ብቻ ቀረ። ሕጉ እጄን ይዞት ቆየ፤ የሚያሰላ አይበይድም፣ ሣጥን አይከፍትም። አንቺን ልጠብቅ ብዬም ነበር። በመጨረሻ መፍቻውን አነሣሁ።

ኮንደንሰሮቹ እንዳሰላኋቸው ናቸው። ጥቅሉም እንደዚያው። ልጓሟ ግን በሁለቱም ሣጥን የለችም። በቦታዋ እርቃኑን የቀረ ሽቦ ተዘርግቷል። መለኪያዬን ከጫፍ እስከ ጫፍ ባስነካው ባዶ አነበበ፤ መለከቱ ያለ ምንም ከልካይ ነው የሚጮኸው። በየሣጥኑ ጥግ በቀይ ክር የታሰሩ ሬዚስተሮች አገኘሁ። የመጀመሪያዋ ያባታችን ናት። ሁለተኛዋ ከእሷ ታንሳለች፣ ሦስተኛዋ ከሁለተኛዋ ታንሳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያንስ ስላልነበረ ሽቦ። እኔ ዕቃ በቀየርኩ ቁጥር አንቺ ልጓሟን አላልተሻል። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ ሕጉን አክብሬ ስቀመጥ።

የሽቦው ጫፎች ወደ ግራ የተጠመዘዙ ናቸው። አባታችን «ግራዬ» እያለ ይጠራሽ የነበረው በከንቱ አልነበረም፤ በዚህ ቤት ወደ ግራ የሚጠመዝዝ እጅ አንድ ብቻ ነው። ዕቃዎቹን እንኳ አልጣልሻቸውም። የወጣ ዕቃ ከቤቱ አይርቅም የሚለውን ሕግ አክብረሽ፣ ትልቁን ሕግ አፈረስሽ።

ልጓሙን ከመለከቱ ፈትተሽ ለእኔ አጠለቅሽልኝ፣ እህቴ። የምለው ይህንን ነው።

ተቀምጬ ያለፉትን ዓመታት እንደ ፈተና ወረቀት እንደገና አረምኩ። ከሱቁ ባለቤት ጋር የተጣላሁበት ቀን ትዝ ይልሻል? ምስማር ብጠይቀው «ማር የለም» አለኝ ብዬ፣ «ማር ማን ጠየቀህ?» ብዬ ጮህኩበት። አንቺ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ መስሎኝ አብሬሽ ሳቅሁ። ሰውየው ለካ «ምስማር የለም» ነው ያለው። የዘመኑ ሰው አፉን ከፍቶ አይናገርም እያልኩ ስንቱን ገሠጽኩ፤ ስንቱ በአክብሮት አንገቱን ደፋልኝ። ልብስ ሰፊዋን ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቃት መርፌዋ ውስጥ ክር የማስገባት ሥራ በድንገት በዛባት። እሷም ታውቅ ኖሯል። ምናልባት ሰፈሩም። እኔ ብቻ ነኝ በራሴ ጆሮ እንግዳ የነበርኩት።

ይህ ሁሉ ግን ይቻላል። የማይቻለኝን አሁን እጽፋለሁ።

የፊልሙ ድምፅ የተቋረጠበትን ቀን አልረሳሽም። አዳራሹ ያፏጫል፣ ወንበር ይደበድባል፤ አባታችን በማሽን ክፍሉ ትንሽ መስኮት ሸራውን እያየ ፈገግ ይላል። ባለ ፊልም ቤቱ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ በእጅጌው ሲጎትተው ነው የባነነው። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሳቀበት። ቤት ስንመለስ እናታችን የጆሮውን መድከም ማወቋን፣ እኛም ማወቃችንን፣ አፋችንን ሰፋ አድርገን ስንከፍትለት የኖርነው ለጨዋታ አለመሆኑን ተረዳ። አልጮኸም። አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ፤ «እናንተም?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲበላ ዓይኑን ከሳህኑ አያነሣም ነበር፣ ከንፈራችንን ላለማየት።

ያን ጊዜ ነው ደረጃው ሥር ሆነን የተማማልነው። ይህ ነገር ከሁለታችን በአንዱ ቢመጣ፣ ሌላው ፊት ለፊት ይንገረው፤ ቀን ሳይሰጥ፣ ሳያስታምም። እኔ ወዲያው ማልኩ። አንቺ እያለቀስሽ ነበር፤ እንድትምዪ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ። ለአባታችን ያዘንሽ መስሎኝ ነበር የዘገየሽው።

አባታችን የተናገራትን ያችን ቃል ልጽፍልሽ ብዕሬን አነሣሁና ተውኩት። አንቺ ራስሽ ከላይ አንብቢያት።

ሁለታችን አብረን የምንሰማ መስሎኝ ነበር። እነዚያ ቅዳሜዎች ከዕድሜዬ የተሻሉት ናቸው እል ነበር። ለካ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ አንቺ ከኋላዬ ተቀምጠሽ ለዳኛው ጉቦ ትሰጪው ነበር። ብትነግሪኝ እቆጣ ነበር፤ አዎ። አንድ ሳምንት አኮርፍ ነበር። ከዚያ ግን እንደ ሰው አረጅ ነበር፣ እያወቅሁ። ያን ነው የነጠቅሽኝ።

ይህን ጽፌ ጨርሼ፣ ታሽጎ ሊላክ ነበር። እንደ ልማዴ ግን ከመላኬ በፊት ሥራዬን ልከልስ ብዬ ጣውላውን በማጉያ መነጽር እንደገና አየሁት። ሁለት ነገር አገኘሁ፤ አንዱ በሣጥኑ ውስጥ፣ ሌላው በትዝታዬ ውስጥ።

በትዝታዬ ያገኘሁት ሻሽሽን ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ሲሆን ሻሽሽን ጆሮሽ ላይ ጠበቅ አድርገሽ መጠምጠም ጀመርሽ። ብርድ መቶኛል አልሽ። በበጋም ብርድ። ከሻሹ ሥር የጥጥ ጫፍ ወጥቶ አይቼ «ቁስል ነው ወይ?» ብዬሽ «ዘይት አድርጌበት ነው» አልሽኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው አንዲት ዘፈን መታገሥ ያቃተውን መለከት፣ አንቺ ከዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከመለከቱ አጠገብ ሆነሽ፣ ስንት ዘፈን ሰማሽ? «ሰማኋት፣ ጋሼ» ስትዪ ምንሽ ነበር የሚሰማት? ከላይ በሰላምታው መካከል ጆሮሽ ተሻለሽ ወይ ብዬ የጻፍኩትን አንብቤ አፈርኩ። ልሰርዘው አልኩና ተውኩት፤ ጥያቄው አሁንም ጥያቄ ነው። ብቻ አሁን እንደ ወግ አትመልሺልኝ።

በሣጥኑ ውስጥ ያገኘሁት ደግሞ ይህ ነው። ከአንቺ አዲስ ብየዳ ሥር፣ የአባታችን ልጓም ትቆምባቸው በነበሩት በሁለቱ ጫፎች ላይ፣ የጠቆረ አሮጌ ብየዳ አለ። ከውስጡ ሁለት የተቆረጡ የሽቦ ጉቶዎች ብቅ ብለዋል፤ በጨርቅ የተሸፈነ ሽቦ ነው፣ የፊልም ቤቱ ዘመን ሽቦ። ያን ጊዜም ድምፁ ልጓሟን እንዲያልፋት የሽቦ ድልድይ ተሠርቶ፣ በኋላ ተቆርጧል ማለት ነው። የፊልም ቤቱ ትኬት ቆራጭ «የፊት ወንበር በነጻ ይሁን፣ ፊልሙ በጥፊ ይማታል» እያለች የቀለደችበትን፣ ድምፁ ከተቋረጠበት ቀን በፊት የነበረውን ክረምት አስታወስኩ። እኛ የፊልሙ ጥራት መስሎን ነበር። እኔ መስሎኝ ነበር ልበል።

አባታችን ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ነበር። እኔም ቀኝ ነኝ። እናታችን የብየዳ ካውያ ነክታ አታውቅም፤ ማዘዝ ግን ትችልበት ነበር። ጉቶዎቹ ወደ ግራ የተጠመዘዙ ናቸው።

ያን ክረምት ስንት ዓመትሽ ነበር? ደረጃው ሥር እንድትምዪ ሁለት ጊዜ ስጠይቅሽ፣ ያን ማልቀስሽን አሁን በሌላ ጆሮ እየሰማሁት ነው። የምጠይቅሽ እንደ ከሳሽ አይደለም፤ ቁጣዬም አልበረደም። ሁለቱም አንድ ላይ ተቀምጠዋል፣ እንደ ወፍራሙና እንደ ቀጭኑ ድምፅ። የሚለያያቸው ዳኛ አጥቻለሁ።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርሽ። የቀኙን ሣጥን እንደ ስሌቱ መለስኩት። የአባታችንን ልጓም ከቀዩ ክር ፈትቼ በቦታዋ በየድኳት፤ ብየዳዬ ያስቃል፣ ስታዪው ዶሮ የጫረችው ትይዋለሽ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተቀመጥኩ። ጣውላውን የሚቆረቁርልኝ ስለሌለ ወንበሩን ራሴ ቆረቆርኩ። ሴቶቹ ከወፍራም መጋረጃ ጀርባ ዘፈኑ። ስስ የሆነው ሁሉ የለም። ዘፈኑ አለቀ፣ ሸክላው ዞረ፣ አምባሯን ጠበቅሁ። መርፌው ተነሣ።

የግራውን ሣጥን እንደተውሽው ትቼዋለሁ። እሱን ብቻውን ከፍቼ ስሰማ አምባሯ ቅጭል ትላለች። ወይም የምትል ይመስለኛል፤ ስለለመድኳት ይሁን፣ «ሰማኋት» ስለምትዪኝ ይሁን፣ መለየት አልቻልኩም። አንዱ ሣጥን እውነቱን ይናገራል፣ እኔ አልሰማውም። ሌላው ለእኔ ያዳላል፣ ሰው ያቆስላል። የትኛው ይቅር የሚለውን ብቻዬን አልወስንም። ሁለታችን ካልተስማማን አሮጌው ወደ ቦታው ይመለሳል ነበር ሕጉ፤ አሮጌው የትኛው እንደሆነ ግን ሕጉ አይናገርም።

ጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። አንቺም እዚያ ካለሽበት ሂጂ። እምቢ ብትዪ ለልጅሽ እጽፍለታለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤተሰብ ማንም ለማንም አያስታምምም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ትንሿን ያሳድግልሽ፣ የስምሽ ማስጠሪያ ያድርጋት፤ ስታለቅስ የምትሰሚበት ጆሮ አይንሣሽ። ልጅሽንና ምራትሽን ስሚልኝ። ያ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ የመሰለው የመፍቻ ሣጥንሽ እንደነበረ ነው፤ አልነካሁትም፣ ካውያሽን ብቻ ተውሻለሁ።

ሦስት ነገር መልሺልኝ። ጆሮሽ እንዴት ነው? የጨርቁ ሽቦ የማን እጅ ነው? በመጨረሻዎቹ ቅዳሜዎች አምባሯን በእርግጥ ሰምተሻታል ወይ? ዓይኔ ደህና ነው፣ አነብበዋለሁ። ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ ጻፊልኝ፤ ቶሎ ጻፊልኝ።

ጋሼ የምትዪው ወንድምሽ